የደጅ ጥራጊ ዕቃ እንዳይሸትና ዝንብ እንዳይፈላበት



ዛሬ የምንነግራችሁ ከቤት ዕቃ ሁሉ ስለ ተናቀው ዕቃ ነው፤ ይኸውም በየደጃፉ ስለሚቀመጠው የጥራጊ ማጠራቀሚያ ነው። ባለሙያ ሴት ድስቷን ታጥባለች፤ እንስራዋን በወይራ ታጥናለች፤ ምጣዷን በጎመን ዘር ታስሳለች። የጥራጊው ቆርቆሮ ግን «እሱስ ለቆሻሻ የተሠራ ነው፤ ይቆሽሽ» እየተባለ ይተዋል። ከዚያ ቆርቆሮ የተነሣው ዝንብ ወዴት እንደሚሄድ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የሚያርፈው በታጠበው ድስት አፍ፣ በእንጀራው ጠርዝ፣ ከዚያም ወተት በጠጣው ሕፃን ከንፈር ላይ ነው።

ምሳሌያችንን የምናመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ነው። «የከተማ ጥራጊ ለእኛ ለባላገሮቹ ምን ይጠቅመናል?» የምትል እናት ብትኖር መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ በዚያ ልጅ ወይም ዘመድ አላችሁ፤ ለበዓል ስትሄዱም ታድሩበታላችሁ። ሁለተኛ፣ የዝንብ ጠባይ በከተማም በገጠርም አንድ ነው፤ ነገር ግን በገጠር በሰፊ ጓሮ ተደብቆ የሚቀረው ጥፋት በመርካቶ ጠባብ ግቢ ውስጥ ቶሎ ይገለጣል።

መርካቶ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው ስፍራ ተተከለ። ሰው መርካቶ ሲባል ሱቁንና ሸክሙን ብቻ ያስባል። ከሱቁ ጀርባ ግን ሰው ይኖራል፤ ልጅ ያድጋል። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ተጠጋግቶ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል፤ ጥራጊውንም በአንድ ጥግ ያከማቻል። ከየቤቱ የሚወጣው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የተረፈ ወጥ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ ቆጮ የተጠቀለለበት ኮባ፣ ከዚህም ጋር ጠርሙስና ፌስታል ሁሉም በአንድ በርሜል ይገናኛል።

እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን ለመጠየቅ ከገጠር ወደ መርካቶ መጣች እንበል። ገና ከበር ስትገባ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ልጄ፣ ይኸ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«የጥራጊው በርሜል ነው፣ እማዬ። ሰብሳቢዎቹ የሚመጡት በሳምንት አንዴ ነው። ምን ላድርገው?»

«እኛ እኮ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን አፈር እናለብሰዋለን፤ አመድም እንነሰንሳለን።»

«እዚህ ምን ጓሮ አለ ብለሽ ነው! የምታይው ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው።»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልጅቱ ጓሮ የላትም፤ እናቲቱ ደግሞ ሳታውቀው ትልቁን ነገር ተናግራለች። አመዱም አፈሩም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ እርጥበትን ይመጣሉ፤ ዝንብንም ይከለክላሉ። ጓሮ የሌላት ሴት ይህንኑ ሥራ በሌላ መንገድ ልትሠራው ይገባታል።

በመጀመሪያ ሽታው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከቆርቆሮው የሚመጣ ይመስለዋል። ሽቶ የሚረጭ አለ፤ ቆርቆሮውን የሚለውጥም አለ። ሽታው ግን የእርጥብ ምግብ ሽታ ነው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን እርጥቡን ምግብ ይበሉታል፤ በርሜሉ ጢም ብሎ ከታች ያለው ክፍል አየር ሲያጣ ደግሞ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ የሚያወጡት ይበረታሉ። ከሥሩ የሚጠራቀመው ጥቁር ፈሳሽ ከሁሉ የከፋ ነው። ደረቅ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ጠርሙስ፣ ሰጋቱራ ለብቻቸው ቢቀመጡ ወርም ቢቆዩ አይሸቱም። ስለዚህ የሽታ መድኃኒቱ ሽቶ አይደለም፤ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ አሳብ እናቃና። «ሽታው መታው» ይባላል፤ ሽታው ራሱ ተቅማጥ የሚያመጣ የሚመስላቸው አሉ። ሽታ ወሬ ነጋሪ ነው፤ እርጥብ ምግብ በስብሶ ዝንብ እየጠራ መሆኑን ይነግራችኋል። በሽታውን ተሸክሞ የሚያደርሰው ዝንቡ ነው። ዝንብ ጥርስ የለውም፤ ደረቅ ምግብ ላይ ሲያርፍ ከሆዱ ፈሳሽ አውጥቶ እያራሰ ይመጥጣል። ቀደም ሲል ከሰገራ ወይም ከብስባሽ ላይ አርፎ የነበረ እንደሆነ በእግሩ ጠጉርና በዚያ ፈሳሽ የተቅማጥን ተሐዋስያን ከእንጀራው ላይ ይተዋል። ትልቅ ሰው ሊቋቋመው ይችላል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በተቅማጥ ውሃው ቶሎ ያልቃል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስን፤ እርሱም የዝንብ ቀን አቈጣጠር ነው። ሴቲቱ ዝንብ በእርጥብ ጥራጊ ላይ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል ዕንቁላል ትጥላለች፤ ይህንም በዕድሜዋ ደጋግማ ታደርገዋለች። ሙቀት ካለ ዕንቁላሉ ባንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ነጭ ትል ይሆናል። ትሉ አራት አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ያህል ይበላል። ሲጠግብ እርጥቡን ይጠላል፤ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ከዕቃው ወጥቶ እየተሳበ ከሥሩ ካለው አፈር ወይም ከድንጋይ ስንጥቅ ይገባል። በዚያም ቡናማ ቅርፊት ለብሶ የስንዴ ፍሬ መስሎ ይተኛል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቅርፊቱን ሰብሮ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በቆላና በበጋ ይህ ሁሉ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈጸማል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ በተለይም በክረምት፣ ይዘገያል፤ ነገር ግን አይቀርም።

እንግዲህ ቍጠሩት። ጥራጊው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሰብሳቢው በመጣ ጊዜ የጠገበው ትል ቀድሞ ከበርሜሉ ወጥቷል። እናንተ ጥራጊውን ሰጣችሁ፤ ዝንቡ ግን ከደጃችሁ አፈር ውስጥ ቀረ። በየሦስት ቀኑ የሚወጣ ከሆነ ግን ትሉ ገና እየበላ ሳለ አብሮ ይሄዳል። አንዲት ሴት ሌላውን ምክራችንን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ይህን አንዱን ብትይዝ ይበቃታል፤ እርጥብ ጥራጊ በደጅ ከሦስት ቀን በላይ አይደር።

«ሰብሳቢዎቹ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጡት» ላለችው ልጅስ ምን እንበላት? ሁለት ዕቃ ትያዝ። ትልቁ ለደረቅ ይሁን፤ ማዳበሪያም ይበቃል። ትንሹና ክዳን ያለው ለእርጥቡ ይሁን። እርጥቡ ለብቻው ሲሆን ጥቂት ስለሆነ ወደ ሠፈሩ ገንዳ በእጅ ይዞ ለማድረስ አይከብድም። ከዚያም በፊት የሚቀነስ አለ። የድንችና የጎመን ልጣጭ በግ ወይም ላም ላለው ጎረቤት ይሰጣል፤ ገረባውንም በግ ይበላዋል። የተረፈ እንጀራ ከሻገተ በኋላ የሚጣል፣ ሳይሻግት ደግሞ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ የሚሆን ነው፤ መቼም ይህን ለኢትዮጵያ እናት አናስተምርም። የሚሰጠው ሰው ካልተገኘ ልጣጩን በማዳበሪያ ላይ በፀሐይ ማስጣት ነው። የደረቀ ልጣጭ አይሸትም፤ ዝንብም ዕንቁላሉን አይጥልበትም።

ደረቁ ደግሞ ገንዘብ ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ ሲያልፍ ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ አሮጌውን ጫማና ብረታ ብረቱን ይገዛል። ከዚያ ብዙው ወደ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይገባል፤ በዚያም የተጣለው በርሜል ተቈርጦ፣ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ባልዲና ክዳን ሆኖ እንደገና ይሸጣል። በሌላ አገር የተማረ ሰው ስለዚህ ሥራ ብዙ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ምን አለሽ ተራ ግን ያለ መጽሐፍ ሲሠራው ኖሯል።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰው ትልቅ በርሜል ይወዳል፤ ቶሎ አይሞላምና። እኛ ደግሞ በዚሁ ምክንያት እንጠላዋለን። ቶሎ የማይሞላ ዕቃ ቶሎ አይደፋም፤ እስኪሞላ ሲጠበቅም የዝንብ ልጆች ያድጉበታል። ለአንድ ቤተ ሰብ እርጥብ ጥራጊ አንዲት ሴት በአንድ እጇ አንሥታ የምትሄደው ባልዲ ይበቃል። ቆርቆሮም ፕላስቲክም ቢሆን አያፍስስ፤ ክዳኑም ግጥም ይበል። ውሻና ድመት የሚገለብጡት ከሆነ በክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫንበት። ዕቃው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ሦስት ድንጋይ እንደ ጉልቻ ተደርጎለት ከምድር አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ይህ ሲሆን ሥሩ አይዝግም፤ አይጥ ከሥሩ አይሠፍርም፤ ከታች መጥረግም ይቻላል። ቦታው ጥላ ይሁን፤ ከወጥ ቤት በርና ከቧንቧው ራቅ ይበል።

ጥራጊ ከመጨመር አስቀድሞ ከሥሩ የሚመጥ ነገር ይደረግበታል። በመርካቶ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ማግኘት አያስቸግርም፤ አለበለዚያ አሮጌ ጋዜጣ ወይም የደረቀ ኮባ ይሆናል። ወጥና መረቅ ያለው ትራፊ አስቀድሞ ይጠንፈፍ። ማታ ማታ ደግሞ በላዩ አንድ ጭብጥ አመድ ይነስነስ። አመዱ ግን ፈጽሞ የበረደ ይሁን! በአመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል፤ ወረቀትና ፌስታል ካገኘ ይያያዛል። ቤቱ በተጠጋጋበት ሠፈር እሳት ሲነሣ ምን እንደሚያደርስ የመርካቶ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። አመዱን በብረት ጣሳ ለብቻው አንድ ቀን አሳድሮ፣ በእጅ ዳስሶ፣ ከዚያ መነስነስ ይገባል።

አጠባውስ? እርጥቡ ዕቃ በተደፋ ቍጥር ይለቅለቅ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ በደንብ ይታጠብ። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለቆሻሻ ዕቃ ውሃ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። የልብስ እጣቢ አለ። ሳሙና ያለበት ነውና ለመጀመሪያው አጠባ ከንጹሕ ውሃ ይሻላል። በመጀመሪያ የተጣበቀውን በእንጨት ፋቁት፤ በእጣቢው በመጥረጊያ ጭራሮ አሹት፤ ከክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝና ከእጀታው ሥር ያለውን አትርሱ፤ ሽታው ተደብቆ የሚቀረው በዚያ ነው። ከዚያ በጥቂት ንጹሕ ውሃ አለቅልቁና በፀሐይ ደፍታችሁ አድርቁ። እርጥብ ዕቃ ላይ ጥራጊ መጨመር ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በረኪና የሚጨመረው ከታጠበ በኋላ ነው። በቆሻሻው ላይ ቢፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይበላውና ገንዘብ መጣል ይሆናል። አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ የዕቃውን ውስጥ አርሱት፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ አለቅልቁት። ለፕላስቲክ ይህ መልካም ነው፤ ቆርቆሮን ግን ያዝገዋልና ለቆርቆሮ ሳሙናና ፀሐይ ይበቃል። በረኪናን ለመጸዳጃ ቤት ከሚሆን አሲድ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡት፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የአጠባው ውሃ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይፍሰስ እንጂ ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ አይደፋ።

የልጅ ሰገራ በጥራጊ ዕቃ አይጣል፤ ወደ መጸዳጃ ይግባ። የልጆችን ዓይን የሚከበው ትንሹ ዝንብ ከሁሉ አብልጦ የሚራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው፤ ትራኮማ የሚባለውንም የዓይን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። በአማራ ክልል ይህ በሽታ ብዙ ሰው አሳውሯል። የልጆችን ፊት በየዕለቱ ማጠብም ለዚሁ ነው።

ስለ ማቃጠልም ይጠይቁናል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የጉንፋን ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ከዚያ ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሰው ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ያ በሽታ በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበር እንጂ ከጥራጊ የመጣ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ቀን ደጁን መጥረጉ ግን መልካም ልማድ ነው፤ ቢሆንም ዝንብ ዓመት አይጠብቅም። በዚያን ዘመንም የሚቃጠለው ቅጠልና ጭድ ነበር። ዛሬ ፌስታልና ጎማ ይገባበታል፤ የእነዚህ ጢስ መርዝ ነው፤ በጠባብ ግቢ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሕፃኑ አልጋ ይሄዳል። መጥረጉ ይቅጠል፤ ፕላስቲክ ማቃጠሉ ይቅር።

ጥራጊው ከደጅ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ቆሼ ወደሚለው ወደ ረጲ ሲጋዝ ቆይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የጥራጊ ተራራ ተንዶ በሥሩ በሚኖሩት ላይ ወደቀ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ይህን የምናነሣው ከደጃችን ባወጣነው ላይ ሌላ ሰው እጁን እንደሚያሳርፍበት እንድታስቡ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምላጭና መርፌ በሚጣልበት ጊዜ በጣሳ ውስጥ ይደረግና አፉ ይቀጥቀጥ። ከየደጁ የሚሰበስቡት በአብዛኛው ሴቶችና ወጣቶች ናቸው፤ ጓንት የሌላቸውም አሉ።

በጋራ ግቢ ውስጥ ያለው ትልቁ ችግር የሚመጣው ከጥራጊው ይልቅ ከሰዉ ነው። «ትናንት እኔ አጥቤዋለሁ፣ ዛሬ እሷ ትጠብ» በማለት ጠብ ይነሣል፤ በመጨረሻም ማንም አያጥበውም። መርካቶ ውስጥ ለጎማም ለሸማም ተራ አለው፤ ለጥራጊ ዕቃ አጠባም ተራ ይውጣለት። የየሳምንቱ ባለ ተራ ስም በበሩ ላይ ቢጻፍ፣ ማንበብ የማይችሉ ካሉም መጥረጊያው ራሱ ከደጅ ወደ ደጅ ቢዞር ይበቃል። መጥረጊያው በደጇ የቆመባት ሴት የሳምንቱ ባለ ተራ ናት ማለት ነው። ወንዶችም ከዚህ ተራ አይውጡ፤ በርሜል ለማንሣት ጉልበታቸው ይጠቅማል።

ጓሮ ያላችሁ እናቶች ሥራችሁ ይቀላል። ከቤት ሃያ እርምጃ ያህል፣ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ ከሠላሳ ሜትር የማያንስ ርቃችሁ፣ ከውሃውም በታች በኩል ጉድጓድ አስቈፍሩ። እርጥቡን በዚያ ጣሉ፤ በየዕለቱ አፈርና አመድ አልብሱት። ሊሞላ ሲል አንድ ስንዝር አፈር አልብሳችሁ ጠቅጥቁት፤ የላላ አፈር ከሆነ አዲሱ ዝንብ ሰንጥቆ ይወጣል። ሌላ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የመጀመሪያውን ለብዙ ወራት ተዉት፤ በስብሶ ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ፍግ ይሆናል። ጠርሙስና ፌስታል ግን በዚህ ጉድጓድ አይግባ፤ ፌስታል አይበሰብስም፤ ላምም ስትበላው ሆዷን ዘግቶ ይገድላታል።

ወደዚያች ልጅ እንመለስ። እናቷ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ከበርሜሉ ሥር ያለውን ድንጋይ ገልብጣ አፈሩን በእንጨት ጫረችው።

«ነይ እዪ፣ ልጄ። ይኸ ስንዴ ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ እዚህ ማን ስንዴ ይደፋል?»

ስንዴ አልነበረም፤ ቅርፊት ለብሶ የተኛ ዝንብ ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከጥራጊ ዕቃችሁ ሥርና ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል፣ በጣት ጥልቀት አፈሩን ጫሩት። ቡናማ ፍሬ ካገኛችሁ አፈሩን ሰብስባችሁ የፈላ ውሃ ድፉበት፤ ድንጋዩንም በዚያው ውሃ አጥቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ጫሩት። እንደገና ካገኛችሁ እርጥቡ ጥራጊ ከሦስት ቀን በላይ እያደረ ነው ማለት ነውና የማውጫውን ቀን አስተካክሉ።